«ጨረር ያቃጥላል» የሚለው ማብራሪያ ሲመረመር

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የካንሰር ሕክምና ከጨረር ጠቃሚ አገልግሎቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ መምህሩ ሐሳቡን በአማርኛ፣ እንደ ገደብ ባለው የጌዴኦ ወረዳም በጌዴኦፋ ለማስረዳት ሲሞክር፣ «ጨረሩ ነቀርሳውን ያቃጥለዋል» የሚለው አነጋገር ቀና መንገድ መስሎ ይቀርብለታል። አነጋገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ጨረር ያረፈበት ቆዳ ሊቀላና ሊላጥ ይችላልና። ይሁን እንጂ ዋናውን ነገር ይሸፍናል።

ማቃጠል የሙቀት ሥራ ነው። በሕክምናው ለአንድ ቀን የሚሰጠው የተለመደ መጠን 2 ግሬይ ሲሆን፣ 1 ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎግራም ሥጋ ውስጥ የሚቀር የ1 ጁል ጉልበት ነው። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ እንኳ ሥጋውን በአንድ ሺሕኛ ዲግሪ ያህል አያሞቀውም። ለቡና አገር ተማሪ የቀረበ ምሳሌም አለ። ክብደቱ 60 ኪሎግራም የሆነ ሰው በመላ አካሉ ላይ በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ቢያርፍበት የሚቀበለው ጉልበት 240 ጁል ነው። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቡና ወደ ሰውነት ሙቀት ሲበርድ የሚሰጠውም ይህንኑ ያህል ነው። ቡናው ማንንም አይጎዳም፤ ያ የጨረር መጠን ግን ሕክምና ካላገኙት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ይገድላል። እንግዲህ ልዩነቱ በጉልበቱ ብዛት ሳይሆን በአስተራረፉ ነው።

ከኮባልት-60 የሚወጣው የጋማ ጨረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞች እየገፋ ያስወጣል። እነዚህም በአጭር ጉዟቸው ሌሎች ብዙ አቶሞችን ወደ አዮንነት ይለውጣሉ። ጉልበቱ እንደ ሙቀት በእኩል አይሰራጭም፤ በየነጥቡ ተጠራቅሞ የሞለኪውሎችን ትስስር ይበጥሳል። ከውኃ ሞለኪውሎች የሚወጡት ጎጂ ስብርባሪዎችም የህዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ያጠቃሉ። የዲ.ኤን.ኤ. ሁለቱ ክሮች በአንድ ስፍራ ተበጥሰው በትክክል ካልተጠገኑ፣ ህዋሱ ብዙውን ጊዜ ለመከፈል ሲሞክር ይሞታል።

የሕክምናው ሥርዓት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ጤናማ ህዋሶች በአብዛኛው ጉዳታቸውን በመጠገን ከነቀርሳ ህዋሶች ስለሚሻሉ፣ መጠኑ ለብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል። «ያቃጥላል» ብሎ የተማረ ሰው ግን ሁሉም በአንድ ቀን ለምን እንደማይፈጸም ሊረዳ አይችልም፤ ምንም ትኩሳት ባይሰማው ሕክምናው አልሠራም ሊል፣ ቆዳው ቢቀላ ደግሞ ሊሸሽ ይችላል። ሕክምናው ሲቋረጥ ነቀርሳው የማገርሸት ዕድል ያገኛል።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ቁም ነገር አለው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት-60 መሣሪያ ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። የኮባልት-60 የግማሽ ዕድሜ 5.3 ዓመት ያህል በመሆኑ፣ ምንጩ ካልተተካ በዚያው ጊዜ ውስጥ ለአንድ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው የጨረር ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ከገደብ በይርጋ ጨፌና በዲላ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ለሚጓዝ ሕመምተኛ ይህ ስሌት የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ሌሎች መሣሪያዎች ሥራ መጀመራቸው ጉዞውን ለአንዳንዱ ቢያሳጥርም፣ የማስተዋልን ችግር አያስወግድም።

ስለዚህ የጨረር ዓይነቶችን ስም፣ ወረቀትና እርሳስ የማለፍ ችሎታቸውንም ማስጠናት ብቻውን በቂ አይሆንም። ከነዚህ ጎን ግሬይ ምን እንደሚለካና ጉልበቱ በህዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊብራራ ይገባል። «ያቃጥላል» በሚለው ቃል ፈንታም «ትስስሩን ይበጥሳል» ቢባል፣ ተማሪው ለፈተና ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለሚጠይቀው ሕመምተኛም የሚበቃ መልስ ይኖረዋል።