በትምህርት ቤቶች የሚገኙ የማሳያ መሣሪያዎች አተካከልና የብልሽት ፍለጋ፤ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

በትምህርት ቤቶች የንብረት መዝገብ ላይ ስለ አንድ ቴሌቪዥን ወይም ስለ አንድ የኮምፒዩተር ሞኒተር የሚጻፈው የመጨረሻ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «አይሠራም» የሚለው ነው። ቃሉ ብልሽቱ የት እንደሆነ፣ ምን ምልክት እንደታየና ማን እንደመረመረው አይገልጽም። ሆኖም መሣሪያው ከክፍል ወጥቶ ወደ ዕቃ ቤት የሚገባው በዚሁ ቃል ነው።

በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ የሚያስተምር አንድ መምህር እንደዚህ ያለ ችግር ገጠመው እንበል። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አውራ ጎዳና በሐሙሲት በኩል ተገንጥሎ በሚገባው መንገድ ላይ ትገኛለች። መምህሩ ባለሙያ ለማግኘት ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ አለበት። ሞኒተሩ በአውቶቡስ ተጭኖ ሄዶ፣ ኬብሉ የተሰካው ያለ ቦታው ብቻ መሆኑ ቢታወቅ፣ የባከነው የትራንስፖርት ወጪ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ቀናት ተማሪዎች ያላገኙት ትምህርትም አብሮ ባክኗል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሂስ የሚከተለው ነው። ማሳያ መሣሪያዎች ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ ግዥውና ሥርጭቱ በዕቅድ ተይዘዋል፤ የጨለመን ማያ ከምልክቱ ተነሥቶ የመመርመር ዕውቀት ግን የመምህሩ ድርሻ ተደርጎ አልታየም። የጉድለቱ ምንጭ የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ ጭምር ነው።

1. ከፕላዝማው ፕሮግራም የተገኘ ልምድ

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት አገልግሎት መዋል ጀመረ። ይሁን እንጂ ማያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የዕለት ተዕለት አካል የሆነው በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ በዋለበት ጊዜ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ወደየክፍሉ ይሠራጩ ነበር። ብቁ መምህር ለማግኘት የተቸገረ የገጠር ተማሪ የከተማው ተማሪ የሚያየውን ትምህርት በእኩልነት እንዲያይ መታሰቡ ሊመሰገን የሚገባው ዓላማ ነው።

በፕሮግራሙ ላይ የቀረቡት ጥናቶች በአመዛኙ ያተኮሩት በሥርጭቱ ፍጥነት፣ በቋንቋው ክብደትና በመምህሩ ድርሻ መቀነስ ላይ ነው። ትችቶቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ማያው ጨልሞ ቢገኝ የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያካሂደው ማን ነው? የሚለው ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የሥርጭቱ ድርሻ በሆነበት አሠራር፣ ሥርጭቱ የመምህሩን ዝግጁነት አይጠብቅም፤ ያለፈውንም ክፍሉ በፈለገው ሰዓት አይደግምም። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሥርዓት የአንድ ፊውዝ መቃጠል የትምህርት ጉዳይ እንጂ የንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለ መሣሪያው ባሕርይ በቂ ግንዛቤ አለመኖር ምን ያህል እንደሚጎዳ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። የፕላዝማ ማያ በሁለት መስታወቶች መካከል በታሸገ ጋዝ የሚሠራ ነው። ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መስታወቱ በሚሠራበት ጊዜ የመንዘርና የማጉረምረም ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አምራቾች ለመሣሪያዎቻቸው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ የሆነ የከፍታ ወሰን ያስቀምጡ ነበር። የፎገራ ሜዳዋ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በዚያው ዞን ያለችው ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ በወረታ ያለ ድምፅ የሚሠራ አንድ ዓይነት መሣሪያ በደብረ ታቦር ቢያጉረመርም፣ ምክንያቱን ያልተነገረው መምህር «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ቢያጠፋው አያስደንቅም። የደጋ አገር ዕቅድ አውጪ መሣሪያ ሲመርጥ ከዋጋው ጎን ለጎን የከፍታውን ወሰን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህም በላይ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ደግሞ በ2014 የፕላዝማ ማያ ማምረት አቁመዋል። መለዋወጫው እየጠፋ በሚሄድ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት፣ ያለውን በጥንቃቄ መርምሮ የመያዝ ችሎታ ከሌለው ዕድሜው ሊረዝም አይችልም።

2. ምልክትን ስለ ማንበብ

«አይሠራም» ከሚለው ቃል በስተጀርባ የተለያዩ ብልሽቶች ተደብቀው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ምልክት ስላለው፣ መምህሩ ክዳን ሳይከፍት፣ በማየትና ኬብል በመለዋወጥ ብቻ ብዙውን ነገር ሊለይ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የሞኒተሩ መብራት ጭራሽ ካልበራ፣ ፍለጋው የሚጀመረው ከሶኬቱ፣ ከኃይል ገመዱና ከስታቢላይዘሩ ነው። የሚሠራን የሌላ ሞኒተር ገመድ ወስዶ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለ. «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ከታየ፣ ሞኒተሩ ኃይል እንደሚያገኝና ማያው ምስል ማውጣት እንደሚችል ጽሑፉ ራሱ ያረጋግጣል። ችግሩ ያለው በኬብሉ ወይም በኮምፒዩተሩ በኩል ነው። ሁለት የምስል መሰኪያ ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ኬብሉ በማይሠራው መሰኪያ ገብቶ መገኘቱ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሐ. የምስሉ ቀለም ከተለወጠ፣ 15 ፒን ያለውን የቪጂኤ ኬብል መመርመር ይገባል። ፒን 1 ቀይን፣ ፒን 2 አረንጓዴን፣ ፒን 3 ሰማያዊን ያስተላልፋሉ። ሰማያዊውን የሚያስተላልፈው ፒን ከታጠፈ ነጩ ቢጫ ሆኖ ይታያል። የፊዚክስ መምህር ስለ ብርሃን ቀለማት መደባለቅ ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ አያገኝም።

መ. ማያው የጨለመ መስሎ በባትሪ መብራት በአግድም ሲታይ ደብዛዛ ምስል ካለበት፣ የጠፋው የኋላ መብራቱ እንጂ ምስሉ አይደለም። ይህ የባለሙያ ሥራ ይጠይቃል። ቢሆንም «የኋላ መብራቱ አይሠራም» ተብሎ የተላከ መሣሪያ «አይሠራም» ተብሎ ከተላከው ቀድሞ ይጠገናል።

ሠ. ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የአምራቹ ስም ታይቶ፣ ዋናው ሥርዓት ሲጀምር ብቻ ማያው ከጨለመ፣ ሞኒተሩም ኬብሉም ደህና ናቸው። ጥርጣሬው በድራይቨሩ ላይ ያርፋል።

3. ድራይቨርን የሚመለከት

ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ሥርዓትና ምስል በሚያወጣው ክፍል መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆኖ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው ሲጠፋ ሁለቱ ፈጽመው አይለያዩም፤ በጥቂት የጋራ ቃላት ብቻ ይግባባሉ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ይለጠጣል፣ ፊደሉ ይገዝፋል፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይቆራረጣል፤ ብዙ ጊዜም ሞኒተርንና ፕሮጀክተርን በአንድነት ማሠራት አይቻልም። ሥርዓቱ ድራይቨር ሲያጣ ሊመለስበት የሚችለው 640 በ480 የሆነው የቪጂኤ መጠን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ ያለ ድራይቨር ማሠራት እንግዲህ ወደዚያ ዘመን መመለስ ይሆናል።

የምስል መጠን ማነስ ሁልጊዜ የድራይቨር ጉድለት አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ሞኒተሩ የሚችለውን መጠን ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቀው በኬብሉ፣ በቪጂኤ ከሆነ በፒን 12ና በፒን 15 በኩል ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር ምስሉ ይታያል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከየትኛው ሞኒተር ጋር እንደተገናኘ አያውቅም። ስለዚህ ድራይቨር ከመጫን አስቀድሞ ኬብል ለውጦ መሞከር ይገባል። «አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ሞኒተሩ ከአቅሙ በላይ የሆነ ምልክት እንደተላከለት ያስረዳል። መፍትሔው ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ መጠኑን ዝቅ፣ ፍጥነቱን 60 ኸርዝ ማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚደርስ አንድ መደናገር አለ። ፊደላት በባዶ ሳጥን ተተክተው ሲታዩ ጥፋቱ በሞኒተሩ ወይም በድራይቨሩ ላይ ይለጠፋል። እውነተኛው ምክንያት ግን የፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንቱ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ የፈተና ወረቀት ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሞኒተር መቀየር ብዕር ስለነጠፈ ጠረጴዛ እንደ መለወጥ ነው።

4. የአካባቢው ሁኔታ የሚያስከትለው ግዴታ

ከላይ የተዘረዘረው ዕውቀት በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። አጠቃቀሙ ግን እንደ አካባቢው ይለያያል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲፈስሱ አየሩ እርጥበት ይሸከማል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው በመሣሪያው ቀዳዳዎች ሁሉ ይገባል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት በተዘጋ ክፍል የከረመ ሞኒተር በመስከረም ወዲያውኑ ኃይል ቢሰጠው ሊጎዳ ይችላል። አስቀድሞ አቧራው ተጠርጎ፣ ክፍሉ ተናፍሶ፣ መሰኪያዎቹ ደርቀው መታየት አለባቸው። መብረቅ ሲያሰጋ የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የአንቴናውንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ መብራቱ እንደጠፋ መሣሪያውን ከሶኬት ማላቀቅ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ድራይቨር ከኢንተርኔት ይወሰድ የሚለው ምክርም ግንኙነቱ ደካማ በሆነበት ሥፍራ ብዙ አይረዳም። በአንጻሩ ግንኙነት በተገኘበት ቀን የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ድራይቨሮች ተሰብስበው በአንድ ፍላሽ ዲስክ ቢቀመጡ፣ የእያንዳንዱም ኮምፒዩተር ሞዴልና የሥርዓቱ ዓይነት ቢመዘገብ፣ የአንበሳሜው መምህር ወደ ባሕር ዳር መጓዝ አያስፈልገውም።

5. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

«መምህር ጥገና ባለሙያ አይደለም፤ ሥራውም በዝቶበታል፤ እንዲነካ ከተፈቀደለት ጉዳቱ ይብሳል» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የድሮው ባለ ቱቦ ሞኒተር ከኃይል ተነቅሎ እንኳ በውስጡ እጅግ አደገኛ የሆነ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊከፍተው ፈጽሞ አይገባም። ይሁን እንጂ መፍትሔው መምህሩን ከመሣሪያው ማራቅ ሳይሆን ድንበሩን በግልጽ ማስመር ነው። ከክዳኑ ውጭ ያለው፣ ማለትም ገመዱ፣ መሰኪያው፣ ማስተካከያ ቁልፉና ድራይቨሩ፣ የመምህሩ ነው፤ ከክዳኑ ውስጥ ያለው የባለሙያው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት የ11ኛ ክፍል የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ለጥገናና ለብልሽት ፍለጋ ምዕራፍ መስጠቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ብልሽት የሚገጥመው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂውን መምህር ብቻ አይደለም። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መካከል ማያው የጨለመባት መምህርትም ከምልክቱ ተነሥታ ማሰብ መቻል አለባት።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሣት የሚከተሉት የውሳኔ ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ «አይሠራም» የሚለው ቃል ብቻውን በንብረት መዝገብ ላይ እንዳይጻፍ፣ በምትኩ የታየው ምልክት፣ የተደረገው ሙከራና ቀኑ እንዲመዘገብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በክፍል ሁለት የተጠቀሱት ምልክቶች በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፈው በየማሳያ መሣሪያው አጠገብ ቢለጠፉ ወጪው አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ የዕቅድ አውጪዎች ሪፖርት የተከፋፈለውን መሣሪያ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በማያው የተሰጠውንና በብልሽት የቀረውን ክፍለ ጊዜ ቁጥር ጭምር ሊይዝ ይገባል።

የመሣሪያው ዓይነት መለዋወጡ አይቀርም። በቱቦው ምትክ ፕላዝማ፣ በፕላዝማው ምትክ ጠፍጣፋ ሞኒተርና ፕሮጀክተር መጥተዋል፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ከምልክት ወደ ምክንያት የመሄድ ልማድ ግን ከመሣሪያው ጋር አያረጅም። ይህ ልማድ በመምህሩ ዘንድ ካልተተከለ፣ የሚቀጥለውም መሣሪያ ቢሆን ፍጻሜው ያው የዕቃ ቤቱ ማዕዘን ይሆናል።