የመሶብ ኬክ ሲመዘን

ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይጣደፋል። በመልሱ ቀን ካባ ደርበው በተቀመጡት ሙሽሮች ፊት የሚቀርበው ኬክ ብዙ ጊዜ የመሶብ ወይም የጀበና መልክ ይዞ ይመጣል። በአዴት፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚደግስ ሰው ይህን ሥራ የሚመዝንበት ሁነኛ መለኪያ አለው፤ እውነተኛው መሶብ ከቤቱ አይጠፋምና።

በመጀመሪያ ስፌቱን ተመልከቱ። አንዳንድ ሠሪ የክሬም ሰንበር አንዱን ከአንዱ በላይና በታች እያሳለፈ የፈረንጅ ቅርጫት ይሠራና መሶብ ይለዋል። መሶብ ግን በወስፌ እየተወጋ የሚሰፋ ነው፤ የሣሩ እስር በሌላ ሣር እየተጠቀለለ ከመነሻው ዙር በዙር ያድጋል። ስለዚህ በጥሩ ኬክ ላይ ክሬሙ ቀጭን ቀለበት እየሆነ ይደራረባል፤ በየዙሩም አጫጭር፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ስፌቶች ይታያሉ። አለላው ቀለም የሚቀይረው ስፌት በስፌት ስለሆነ የአበባው ጠርዝ ደረጃ ደረጃ መሆን አለበት። በብሩሽ የተቀባ ለስላሳ አበባ መሶቡን ሥዕል ያደርገዋል።

በኬኩ ዙሪያ የሚሠራው የጥለት ጌጥም እንዲሁ ነው። በድርና በማግ ቆጠራ የሚወጣ ጥበብ ስለሆነ መስመሩ አይጠማዘዝም። ኬኩን ወደ ኋላ አዙሩት፦ የጥለቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ሠሪው አስቀድሞ ለክቶ እንደሆነ ይናገራል። ግማሽ መስቀል ተቆርጦ ከቀረ አልለካም ማለት ነው።

ጀበናው የሸክላ መልክ ይኑረው፤ እንደ ፕላስቲክ ካብለጨለጨ አልተሳካም። ጥቁረቱን ቅመሱት። ነጭ ክሬም በቀለም ብቻ እስኪጠቁር ድረስ ብዙ ቀለም ይፈጃል፤ ይመርራል፣ ጥርስም ያጠቁራል። ብልህ ሠሪ ከካካዎ ይነሣና ቀለሙን በመጨረሻ ጥቂት ይጨምራል።

ከጀበናው አፍ ጭስ እንዲወጣ ደረቅ በረዶ ከተጠቀሙ ጥንቃቄ ያሻል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሚደርስ በተለየ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ምግቡን አይንካ፣ ክፍሉም አየር ይኑረው። የርችት ሻማ አመድ ክሬሙ ላይ መርገፍ የለበትም። የወርቅ ዱቄቱ እሽግ ላይ «ለጌጥ ብቻ» የሚል ካለ ደግሞ ከሚበላው ክፍል ይራቅ።

ጌጡን የሚሸከመው ውስጡ ነው። አዴት 2,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፤ የቤኪንግ ፓውደሩ መጠን ካልተቀነሰ መሐሉ ይሰምጣል፣ መሶቡም ይዘማል። የቅቤ ክሬም በቀትር ሙቀት ይለሰልሳል፤ ፎንዳንት የሚባለው የስኳር ልባስ ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። እንግዳው እስኪሰበሰብ ስፌቱ ሳይቀልጥ ከቆየ ሠሪው የአገሩን አየር ያውቃል። ሲቆረጥ ደግሞ ቢላው ሳይፈረፍር ይለፍ፤ ከውጭ የለበሰው ፎንዳንትም እየተላጠ ሰሃን ላይ የሚቀር ወፍራም ቆዳ አይሁን።

ገንዘብ ካጠረ ጭሱን፣ ርችቱንና ወርቁን ተዉና ለስፌቱ ክፈሉ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሠሪው የመዳፍ ስፋት ያህል ስፌት ፊታችሁ ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ያን ናሙና መሶብ ለሚሰፉ እናት አሳዩአቸው። እሳቸው ዙሩን ቆጥረው ከተቀበሉት እዘዙ።