ስንኝ በሞገድ ላይ፦ የግሪክ ሙዚቃና ግጥም የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሰዓት

በስደት አገር የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለግሪክ ሙዚቃና ግጥም ስለሚመድበው ሰዓት ሲጻፍ ወሬው ቶሎ ወደ ናፍቆት ያዘነብላል። አረጋውያን የወጣትነት ዘፈናቸውን ይሰማሉ፣ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ቋንቋ ይቃርማሉ፣ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። ሐሰት ነው አልልም፤ ግን ዝግጅቱን ከሥነ ጥበብ ሚዛን አውርዶ የመጦሪያ አገልግሎት ያደርገዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግሪክ ግጥምና ዜማ የተጋቡት በብዙ ጭቅጭቅ ነው። ጥሩ አዘጋጅ የምለው ያን ጭቅጭቅ የሚያሰማኝን ነው።

የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከግሪክ ውጭ ብዙ የግሪክ ተወላጅ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 በሲድኒ ቱ ኢኤ፣ በሜልበርን ስሪ ኢኤ የተባሉት ጣቢያዎች በጥቂት ቋንቋዎች ሥራ ሲጀምሩ ግሪክኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ያስጀመራቸው ጉዳይ ከግጥም ጋር አይገናኝም፤ መንግሥት ሜዲባንክ የተባለውን አዲስ የጤና መድን እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ስደተኞች ማስረዳት ፈልጎ ነው። ኋላ የመንግሥት ማሰራጫ በሆነው በኤስቢኤስ ሥር ገቡ፤ ኤስቢኤስን በአማርኛ ዝግጅቱ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ስሪ ትሪፕል ዜድ የተባለው የሜልበርን የማኅበረሰብ ጣቢያ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት በበርካታ ቋንቋዎች ያሰራጫል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ጣቢያ ዜናና መረጃ ይቅደም ይላል፤ አንድን ግጥም ይዞ ሰዓቱን ሙሉ የመቆዘም ነፃነት ያለው ደመወዝ የማይከፈለው አዘጋጅ ነው። ነፃነቱን ይጠቀምበታል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ለምሳሌ ኤፒታፊዮስ የተባለውን ግጥም እንውሰድ። በግንቦት 1936 በተሰሎንቄ የትንባሆ ሠራተኞች አድማ ላይ አንድ ወጣት በጥይት ተመቶ ወደቀ፤ እናቱ ሬሳው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ የተነሳው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ። ያኒስ ሪትሶስ ፎቶውን አይቶ በእናቲቱ አንደበት ረጅም ሙሾ ጻፈ። ቤቱን የመታው የግሪክ ሕዝብ ሙሾ በሚደረደርበት በአሥራ አምስት ቀለም ስንኝ ሲሆን፣ ርዕሱን የወሰደው ከስቅለት ዕለት የቀብር ሥርዓት ነው። ስቅለትን በስግደት ለሚውል የእኛ አንባቢ የርዕሱ ክብደት አይጠፋውም። በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዘው የሜታክሳስ አገዛዝ የመጽሐፉን ቅጂዎች አቃጠለ።

ሚኪስ ቴዎዶራኪስ ፓሪስ ሳለ በ1958 ዜማ ደረሰለት፤ በ1960 ሁለት ቅጂ በሸክላ ወጣ። አንዱን ማኖስ ሃጂዳኪስ አቀናብሮ ናና ሙስኩሪ ዘፈነችው። ሌላውን ቴዎዶራኪስ ራሱ ቡዙኪ በተባለው ባለ አውታር መሣሪያ አሠርቶ ለግሪጎሪስ ቢቲኮትሲስ ሰጠው፤ ቡዙኪውን የመታው ማኖሊስ ሂዮቲስ ነው። አቴንስ ለሁለት ተከፈለች። የመጠጥ ቤትና የሐሺሽ ጎሬ መሣሪያ የተባለው ቡዙኪ የሟች እናት ለቅሶ ላይ ምን ይሠራል? የሙስኩሪ ድምፅ ንጹሕና ስስ ነው፤ ሐዘኑን ከሩቅ እንደ ሥዕል ያሳያል። ቢቲኮትሲስ ግን ቀጥ ብሎ፣ ሳያስጌጥ፣ የሠፈር ሰው ሆኖ ይዘፍነዋል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ አልቃሽ ድምፅዋን ለማሳመር አትጨነቅምና። አዘጋጁ አንዱን መርጦ ካለፈ ግን ሙግቱን ቀበረው። ሁለቱን አከታትሎ ቢያሰማ ማብራሪያው ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል።

የዮርጎስ ሴፌሪስ «አርኒሲ» ደግሞ ለሬዲዮ የተፈጠረ ጉዳይ ነው። ግጥሙ በ1931 በታተመው የመጀመሪያ መድበሉ ውስጥ ይገኛል፤ ቴዎዶራኪስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዜማ ሠራለት። በመጨረሻው አንጓ ውስጥ ስንኙን ለሁለት የምትከፍል አንዲት የሥርዓተ ነጥብ ምልክት አለች። እዚያ ቆም ያለ አንባቢ የሚሰማው ሕይወታቸውን በሙሉ ጉጉት የያዙ ሰዎች ያ ሁሉ ስሕተት እንደነበር ድንገት ሲገለጥላቸው ነው። ዜማው ግን ሳይቆም ያልፋል፤ ስሕተቱም ሕይወትን ወደያዙበት መንገድ ዞሮ ይለጠፋል። ሴፌሪስ በዚህ ቅር መሰኘቱ ይነገራል። በመስከረም 1971 ቀብሩ ላይ፣ ኮሎኔሎች የሚመሩት ወታደራዊ አገዛዝ የቴዎዶራኪስን ሙዚቃ በከለከለበት ዘመን፣ ሕዝቡ የዘመረው ይህንኑ ዘፈን ነበር። ባለቅኔው ያልወደደው አዘፋፈን የሐዘንተኛው ሁሉ ድምፅ ሆነ። ታዲያ አዘጋጁ ግጥሙን ከነፋታው አንብቦ ወዲያው ዘፈኑን ቢለቅ፣ አድማጩ ግሪክኛው የተሰባበረ የሦስተኛ ትውልድ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ የጎደለችውን ትንፋሽ በጆሮው ይለያታል። በታተመ ገጽ ላይ ይህን ማሳየት አይቻልም።

የግሪክ ባለቅኔዎችና ሬዲዮ የቆየ ውል አላቸው። ሴፌሪስ የኮሎኔሎቹን አገዛዝ የተቃወመበት መግለጫ በመጋቢት 1969 በቢቢሲ የግሪክኛ ስርጭት ተላልፏል። በኅዳር 1973 የአቴንስ ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች አገዛዙን ተቃውመው ግቢውን ይዘው በራሳቸው ማሰራጫ ከተማዋን ሲጣሩ ሰነበቱ፤ የአገዛዙ ታንክ በሩን ሲጥስ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ብሔራዊ መዝሙሩን በሞገድ ላይ በቃሉ ይል ነበር። መዝሙሩ ራሱ ዲዮኒሲዮስ ሶሎሞስ በ1823 የጻፈው፣ ኒኮላዎስ ማንዛሮስ ዜማ የሰጠው ረጅም ግጥም መሆኑን ልብ ይሏል። ያን ሌሊት ዜማው ወልቆለት ወደ ግጥምነቱ ተመለሰ። ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ከዚህ የበለጠ ቅድመ አያት የለም።

ውርሱ ግን ወጥመድም አለው። በእኔ ግምት የዚህ ዓይነት ሰዓት ትልቁ ሕመም አገዛዙ በወደቀበት በ1974 ላይ መቆሙ ነው፤ ከቴዎዶራኪስና ከሃጂዳኪስ ወዲህ ዘፈን ያልተፈጠረ ይመስላል። ሃጂዳኪስ ግን ራሱ እንዲህ አላሰበም። ከ1975 ጀምሮ የግሪክ ብሔራዊ ሬዲዮን ሦስተኛ ፕሮግራም ሲመራ በሩን ለወጣት ደራሲዎች ከፍቶ፣ «ሊሊፑፖሊ» የተባለውን የልጆች ዝግጅት በአዲስ ግጥምና በአዲስ ዜማ እንዲሠሩ አደረገ። ከእነሱ አንዷ ሌና ፕላቶኖስ በ1982 የኮስታስ ካሪዮታኪስን ግጥሞች ይዛ ወጣች። ካሪዮታኪስ በ1928 ራሱን ያጠፋ፣ በቢሮ ጸሐፊነት የተሰላቸ፣ ምሬቱን በፌዝ የሚያወጣ ባለቅኔ ነው። ፕላቶኖስ ቡዙኪውን ትታ በሲንተሳይዘር ቀዝቃዛ ድምፅ አጀበችው፤ ሳቪና ያናቱም ምንም ሳታስለቅስ ዘፈነችው። ለድግስ አይሆንም፤ ሞቅ ያለ ነገር የለመደ አድማጭ ስልክ አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔ አዘጋጅ ብሆን እሱኑ ከኤፒታፊዮስ ቀጥሎ አስገባዋለሁ፤ ደዋዩንም አየር ላይ አቀርበዋለሁ።