ፊደል ያልመዘገበውን ኮምፒዩተር አይሰማም

ሰሎሞን ተፈራ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዝልና ባይሩ ታፍላ በ1997 ዓ.ም. ያቀረቡት የአማርኛ ንግግር ስብስብ፣ ኮምፒዩተር ንግግርን ወደ ጽሑፍ እንዲመልስ ለማሠልጠን የተዘጋጀ መሠረታዊ ሥራ ነው። ለሥልጠናው 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ያህል ንባብ ተቀድቷል፤ ድካሙ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ሁለት ነጥቦች ሊተቹ ይገባል።

አንደኛ፣ የአነባበብ መዝገቡ መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ በመዝገቡ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የሳድስ ፊደል አናባቢ ሲነገርና ሲዋጥም እንዲሁ ልዩነቱ አልተመለከተም። አንባቢ ጉድለቱን በዐውድ ይሞላዋል፤ መሣሪያው ግን የሚሰማው ድምፅ ከተመዘገበለት አነባበብ ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ከ100ው አንባቢዎች 80ው የአዲስ አበባ ዘዬ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ለጎጃም፣ ለጎንደር፣ ለወሎና ለመንዝ በድምሩ የተረፉት 20 ብቻ ናቸው። ንባቡም የዜና ጽሑፍ ነው። በመካነ ሰላም ገበያና በዙሪያው ደጋ ባሉ የሽምግልና ሸንጎዎች የሚነገረው አማርኛ ከዚህ ሚዛን ውጭ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። መጥበቅን በየቃሉ የሚያመለክት፣ የየዘዬውን ንግግር ከስፍራው የሚቀዳ መዝገብ ማሰናዳት የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ድርሻ ነው።