ያልተለበሰው ካፖርት

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ከሉዊስ ደሴት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ፍላናን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ዛፍ የላቸውም፤ የሚኖርባቸውም ሰው የለም። ከመካከላቸው በትልቁ ላይ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1899 ሥራ ጀመረ። ዓመት ሲሞላው ሦስት ጠባቂዎቹ ጠፉ። እኔ እውነተኛ ምስጢሮችን ለሬዲዮ ትረካ አዘጋጃለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ የማምንበትን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ዲሴምበር 15 ቀን 1900 ሌሊት በአካባቢው ያለፈች አርክቶር የምትባል የእንፋሎት መርከብ ማማው ላይ መብራት እንደሌለ አስተዋለች። ስንቅና ተተኪ ጠባቂ የምታመላልሰው ሄስፐረስ በ20 መድረስ ሲገባት፣ ባሕሩ አላስኬድ ብሏት በ26 ደረሰች። ካፒቴኑ የመርከቧን ፊሽካ አስነፋ፤ ርችት አስተኮሰ። ከደሴቱ ብቅ ያለ ሰው የለም። ተረኛው ጠባቂ ጆሴፍ ሙር በጀልባ ወርዶ ብቻውን ዳገቱን ወጣ። የግቢው በር ተዘግቷል፤ የቤቱም በር እንዲሁ። ውስጥ ሲገባ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው፤ ሰዓቱ ቆሟል፤ ምድጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የማማው መብራት ግን ተወልውሎ፣ ዘይቱም ተሞልቶ ለማታ ተዘጋጅቷል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሰፈረው የመጨረሻ ማስታወሻ የ15ኛው ቀን ጠዋት የሦስት ሰዓቱ ነው። ጄምስ ዱካት፣ ቶማስ ማርሻልና ዶናልድ ማክአርተር ግን የሉም።

ይህን ታሪክ በሌላ መልክ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። በዚያኛው መልኩ ማዕዱ እንደቀረበ ነው፣ የነካው የለም፣ አንድ ወንበር ተገልብጦ ወድቋል። ወንበሩንና ማዕዱን ያመጣው ዊልፍሪድ ዊልሰን ጊብሰን የተባለ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመው ግጥም ነው። ቆየት ብሎ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ የጠባቂዎቹ የዕለት መዝገብ ነው የተባለ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ማክአርተር ሲያለቅስ፣ ሦስቱም ተንበርክከው ሲጸልዩ የሚያሳይ። እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። ጠባቂዎቹ የጻፉት ስለ ነፋስ፣ ስለ አየር ግፊትና ስለ ሙቀት ነው። ሙር ያየው ወጥ ቤትም የወንበሩ ተቃራኒ ነበር፤ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ በንጽሕና ተቀምጧል። ምሳ በልተው፣ አጥበው፣ ከዚያ ነው የወጡት።

ትረካ አዘጋጅ ሆኜ ስመዝነው፣ የተገለበጠው ወንበር ታሪኩን ያቀልለዋል። ወንበር ሲወድቅ አድማጩ ወዲያው አንድ ነገር ገብቶ እንደነበር ያስባል፤ መንፈስ ይሁን ሌባ ይሁን ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ የኖረው ነገር ነው። የታጠበው ድስት ግን መግቢያ አይሰጠውም። እሱም ዛሬ ማታ ራቱን በልቶ ዕቃውን አጥቦ ነው ሬዲዮውን የከፈተው። እነዚያ ሰዎች ከሱ የተለየ ምንም አላደረጉም። እዚህ ላይ ነው ሰውነት የሚቀዘቅዘው፤ ይህን ደግሞ ማንም ደራሲ ተቀምጦ ሊፈጥረው አይችልም፤ ምክንያቱም ደራሲ አስፈሪ ነገር ፍጠር ሲባል የታጠበ ድስት አያስብም።

ከዚህ ይልቅ በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ ብዙ ክርክር የሚያስነሳብኝ የምክንያቱ ጉዳይ ነው። ምስጢር የሚተርክ ሰው ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው ይደብቃል፤ ብዙዎች ጨርሶ ያስቀሩታል። አድማጭ መልሱን ካወቀ ፍርሃቱ ይጠፋል ብለው ያስባሉ። እኔ መልሱን አስቀድሜ እናገራለሁ። የፍላናንን ጉዳይ ያጣራው የመብራት ማማዎች ተቆጣጣሪ ሮበርት ሙርሄድ በምዕራቡ የጀልባ ማረፊያ ያየውን ጽፏል። ከባሕር ወለል 33 ሜትር ከፍታ ላይ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ የነበረው የገመድ ሣጥን ተሰባብሯል፤ የብረት መደገፊያው ተጣሟል፤ ከገደሉ አናት፣ 60 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ማዕበሉ ሣሩን ከነአፈሩ ገሽልጦታል። ሙርሄድ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሰዎቹ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑንና ገመዱን ለማጠባበቅ ወርደው ሳለ ያልተጠበቀ ትልቅ ማዕበል ጠርጎ ወሰዳቸው የሚል ነው። አሳማኝ ነው፤ እኔም አምንበታለሁ፤ ለአድማጭም በዚሁ ቃል አቀርበዋለሁ።

ካፖርቱን የማመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዱካትና ማርሻል የባሕር ቦት ጫማቸውንና ዝናብ የማያስገባ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የወጡት። የማክአርተር ካፖርት ግን ቤት ውስጥ እንደተሰቀለ ተገኘ። በዲሴምበር፣ በአትላንቲክ ነፋስ፣ በሸሚዝ ወጥቷል። ደንቡ ደግሞ ማማው ሰው አጥቶ እንዳያድር አንድ ጠባቂ ሁልጊዜ ውስጥ እንዲቀር ያዛል። ያ ሰው ከቤት ሲወጣ ምን አየ? ወይስ ምን ሰማ? ጓደኞቹን ሊያድን ሮጦ ይሆናል የሚለው ግምት ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ግምት መሆኑን ግን በግልጽ እናገራለሁ። ካፖርቱን ከማዕበሉ በፊት ብናገር ኖሮ ተራ እንቆቅልሽ በሆነ ነበር። ከማዕበሉ በኋላ ሲመጣ አድማጩ ባሕሩ ሊያደርግ የሚችለውን አውቋል፤ አሁን በሩ ላይ የቆመው ሰው ጋ ደርሷል፤ ካፖርቱን ለማንሣት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል እንኳ ያልቆየውን ሰው ያየዋል። መልሱ ፍርሃቱን አልገደለውም፤ ወደ ሰው አቀረበው እንጂ።

ዱካት ሚስትና አራት ልጆች፣ ማክአርተር ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ማክአርተርን የሚያለቅስ ፈሪ አድርጎ የሳለውን ሐሰተኛ መዝገብ ሳስብ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ጓደኞቹን ሊያድን ሮጦ ሊሆን የሚችልን ሰው ከሞተ በኋላ ስሙን ማጉደፍ ለጥሩ ትረካ ተብሎ ይቅር የሚባል አይደለም።

መልስ የመደበቁ ልማድ ከሁሉ የበለጠ ያበላሸው የዲያትሎቭን ታሪክ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1959 መጀመሪያ በሰሜን ኡራል ተራሮች ላይ፣ በኢጎር ዲያትሎቭ የሚመሩ ዘጠኝ ሶቪየታውያን ተጓዦች በሌሊት ድንኳናቸውን ከውስጥ ቀድደው፣ አብዛኞቹ ያለ ጫማ፣ በረዶ ላይ ወጥተው ሞቱ። አሥረኛው ጓደኛቸው ታምሞ ከመንገድ በመመለሱ ተረፈ። ስድስቱን ብርድ ገደላቸው፤ ሦስቱ ደረታቸው ወይም ጭንቅላታቸው ተሰብሮ ነበር። የሶቪየት መርማሪዎች ሊቋቋሙት ያልቻሉት የተፈጥሮ ኃይል ገደላቸው ብለው መዝገቡን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ምስጢራዊ የጦር መሣሪያ፣ ስለ በረዶ ጭራቅ፣ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጥረታት ያልተባለ የለም። በየትረካው መጀመሪያ ላይ የሚቀርበው ደግሞ አንደኛዋ ሴት ምላሷ ጠፍቶ መገኘቱ ነው። አስከሬኗ የተገኘው በሜይ ወር፣ ሦስት ወር ሙሉ በረዶ ከተከመረበት የጅረት ሸለቆ ውስጥ መሆኑን የሚጨምር ግን ጥቂት ነው። ውኃና አውሬ በአስከሬን ላይ የሚያደርጉትን ለማስረዳት ጭራቅ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ዮሃን ጎም እና አሌክሳንደር ፑዝሪን የተባሉ በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ድንኳኑን ለመትከል ተዳፋቱ መቆረጡና ነፋስ ከላይ በረዶ መከመሩ ከሰዓታት በኋላ አነስተኛ የበረዶ ናዳ ሊያስነሣ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ሁሉንም ጥያቄ መልሰናል አላሉም። ለእኔ ግን ይህ ማብራሪያ ከጭራቁ ይልቅ ያስጨንቃል። ልምድ ያላቸው፣ ጎበዝ ወጣቶች ድንኳናቸውን እንደሚያውቁት አድርገው ተከሉ፤ ተኙ፤ የገደላቸው ያ የአተካከል ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ከድንኳኑ ወደ ጫካው የወረደው ዱካ የሚራመድ እንጂ የሚሮጥ ሰው ዱካ እንዳልነበር ፈላጊዎቹ ተናግረዋል። በጨለማ፣ በዚያ ብርድ፣ በእርምጃ ወረዱ። ስለነሱ ስተርክ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላስፈራራ አልሞክርም፤ ከሥሩም ሙዚቃ አላስገባም። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሬ እንደ ዜና አነበዋለሁ። ሙዚቃ ለአድማጩ አሁን ፍራ ብሎ ይነግረዋል፤ የተነገረው ሰው ደግሞ ይዘጋጃል።

እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ ከትረካ ጥራት ያልፋል። አስፈሪ ተረት በእሳት ዳር እየሰማን ነው ያደግነው፤ በእኩለ ቀን ወንዝ ዳር አትሂዱ፣ መጋኛ ይመታችኋል እየተባልን። የወንዙ ተረት ማንንም አይጎዳም፤ ምናልባትም ስንቱን ሕፃን ከመስጠም አድኗል። የቡዳ ተረት ግን ሌላ ነው። ያልታወቀ ሕመምና ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም ክፍተቱን ሲሞላ የኖረው ቡዳ ነው የተባለ የጎረቤት ስም ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ተጠልተዋል፤ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለዋል፤ ተደብድበዋል። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ለዘመናት ተሸክመዋል። ሐጋር ሳላሞን ስለነሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ጥናት በርእሱ የጅብ ሰዎች የሚላቸው ከዚሁ ክስ ተነሥቶ ነው። ማረሻውን የሠራ፣ ምጣዱን ያበጀ ሰው ነው በተረት የተፈረደበት። ጅቡ ራሱ ክፋት የለበትም፤ በሐረር ሰዎች በእጃቸው ያበሉታል፣ ጂን ያባርርልናል ብለው በከተማው ጎዳና ሲያልፍ ደስ ይላቸዋል። ያው እንስሳ ነው፤ የተጨመረበት ተረት ነው የሚለየው።

ስለዚህ ፍላናን ላይ የተገለበጠውን ወንበር የምንንቅ፣ መንደራችን ላይ ደግሞ የቡዳውን ስም የምንቀበል ከሆነ ሥራችንን አልተረዳነውም። ሁለቱም የተፈጠሩት ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ መተው ካቃተው ሰው ነው። ተራኪ ያንን ባዶ ቦታ አጥርቶ የማሳየት ኃላፊነት አለበት፤ እስከዚህ ድረስ ይታወቃል፣ ከዚህ ወዲያ አይታወቅም ብሎ እጁን ማንሣት አለበት። አድማጭ ይህን አይችልም ብሎ ማሰብ አድማጭን መናቅ ነው።

ከአገር ቤትም፣ ከውጭም የቤተሰባችሁን አስገራሚ ታሪክ ለትረካ የምትልኩ ብዙዎች ናችሁ፤ ደስ እያለኝ አነበዋለሁ። ስትጽፉ ግን ይህን አድርጉልኝ። በዓይኑ ያየው ማን እንደሆነ፣ ለእናንተ የነገራችሁ ማን እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። በዚያ ዕለት የነበረውን ተራ ነገር፣ ምን እንደተበላና በሩን ማን እንደዘጋው፣ አትተዉብኝ። የሐኪም ወይም የፖሊስ ማብራሪያ ካለም ከነሙሉ ቃሉ ላኩት። ታሪኩ ያለ ቡዳ የማይቆም ከሆነ ግን አትላኩልኝ፤ አልተርከውም።