ከክኒኑ ጋር የሚሰጥ ቃል

መድኃኒት ቤት ውስጥ ክኒን ቆጥሮ ማሸግ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚከብደው ወረፋው እየረዘመ፣ ታካሚው ለመሄድ እየቸኮለ፣ ቤቱ ገብቶም የማይረሳውን ነገር መንገር ነው። ይህን ሥራ በቅጡ ያስተማረኝ ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በተለምዶ ፒቲዩ የምንለው የታይሮይድ መድኃኒት ነው።

በአገራችን እንቅርት ይዘው ለዓመታት የኖሩ እናቶች ብዙ ናቸው። የታይሮይድ ዕጢው ሆርሞን ማብዛት ሲጀምር ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ፒቲዩ ይህን ሁሉ ያበርዳል፤ ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁትንም ያረጋጋል። መድኃኒቱን አላጣጥለውም። ግን አልፎ አልፎ፣ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ ሳይታወቅ፣ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። አቻው ሜቲማዞልም ጉበት ይነካል፤ የእሱ ጉዳት ግን በአብዛኛው የሐሞትን ፍሰት ማወክ ስለሆነ መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ1969 ወዲህ የደረሱትን ሪፖርቶች ሲመረምር፣ ከፒቲዩ ጋር የተያያዙ 32 ከባድ የጉበት ጉዳቶችን አገኘ። 10ሩ በልጆች ላይ የደረሱ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ከመድኃኒቱ መግለጫ ጋር እንዲታተም አዘዘ። ዛሬ ቀዳሚው ምርጫ ሜቲማዞል ነው። እሱ በእርግዝና መጀመሪያ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፒቲዩ ይመረጣል፤ ለልጆች ግን አይመከርም። መደርደሪያው ላይ ያለው ፒቲዩ ብቻ ሲሆንስ? ያኔ የእኔ ቃል ከወትሮው ይልቅ ይከብዳል።

«በየወሩ የጉበት ምርመራ ባደርግ አይበቃም?» ይሉኛል። አይበቃም። ጉዳቱ በድንገት ስለሚመጣ ያለፈው ሳምንት ንጹሕ ውጤት ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ደግሞም የሆርሞኑ መብዛት ራሱ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት የሚደረገው ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው፤ መነሻው ካልታወቀ የኋላው ቁጥር ያምታታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የሚያስበው የወፍ በሽታን ነው። ክኒኑን አይጠረጥርም። ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል፤ ፒቲዩውንም «የእንቅርቴ መድኃኒት ነው» ብሎ መውሰዱን ይቀጥላል። ጉበቱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የጉበት ንቅለ ተከላም እንደ ልብ አይገኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እጠነቀቅበታለሁ። አስቀድሜ ፍርሃቱን ብናገር ክኒኑን ጨርሶ የማይጀምር አለ። መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚጠቅም እናገራለሁ፤ አደጋው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ እንደሚደርስ አስከትላለሁ። ከዚያ፦ «እናቴ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ሻይ ከመሰለ፣ ሰውነትዎን ካሳከከዎት፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ከቀኝ ጎድንዎ በታች ካመመዎት ክኒኑን ያቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነገ አይበሉ።» ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣም እንዲሁ፤ ያ የነጭ የደም ሴሎች ማለቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ «እስቲ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» እላለሁ። ዝም ብለው ራሳቸውን ከነቀነቁ አልረካም፤ በራሳቸው አፍ ሲደግሙት ብቻ ነው የማምነው። አስታማሚ ካለ እሱም ይሰማል።

«ያቁሙ» ማለት ብቻውን ግን አደገኛ ነው። ታይሮይዱ ሳይታከም ከቀረ ልብን ይጎዳል፤ ስለዚህ ያቆመ ሰው ሳይውል ሳያድር ሌላ ሕክምና ሊታይለት ይገባል።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ፒቲዩ ጉበቱን የጎዳው ሰው መድኃኒቱን ዳግም ሊወስደው አይገባም። ካርዱ ላይ በጉልህ ጻፉለት፤ የመድኃኒቱንም ስም በወረቀት አስይዙት፤ ነገ የሚሄድበት መድኃኒት ቤት ታሪኩን አያውቅም።