አምስት ክር፣ አምስት ድምፅ

ዶ ሜጀር ሦስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ሲ ሲጨመርበት ሜጀር ሰባት ይባላል። ቆጠራው ከላይኛው ዶ አልፎ ሲቀጥል ሬ ዘጠነኛ፣ ፋ አስራ አንደኛ፣ ላ አስራ ሦስተኛ ይሆናሉ። ቁጥሩ ቢያስፈራም ድምፆቹ የምናውቃቸው ናቸው።

ሜጀር ዘጠኝ በጊታር እንዲህ ይያዛል። የመሃል ጣት አምስተኛው ክር ላይ ሦስተኛ ፍሬት፤ ዶ። ሌባ ጣት አራተኛው ክር ላይ ሁለተኛ ፍሬት፤ ሚ። ትንሿ ጣት ሦስተኛው ክር ላይ አራተኛ ፍሬት፤ ሲ። የቀለበት ጣት ሁለተኛው ክር ላይ ሦስተኛ ፍሬት፤ ሬ። ዳርና ዳር ያሉት ክሮች አይመቱም። ሶል ተትቷል። የዶ ክር ሲርገበገብ ሶልን በውስጡ ስለሚያሰማ ጆሮ አያጣውም። ላይኛው ዶም ስለሌለ ሲን የሚጋፋት የለም።

አሁን ትንሿ ጣት ትነሳ። ሌባ ጣት ተጋድማ ሦስተኛውን ክር ትጨምር፤ የቀለበት ጣትም እንዲሁ አንደኛውን። ሲ ወደ ላ ወረደ፣ ሶል ተመለሰ። ይህ ስድስት ዘጠኝ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። የትዝታ ሜጀር አምስቱም ድምፆች በአምስት ክር ተቀምጠዋል፤ የጎደለም የተደገመም የለም። ከሚ ወዲያ እያንዳንዱ ድምፅ ከቀጣዩ አምስት አምስት ፍሬት ይርቃል። በዚሁ ቅኝት የተቃኘ ክራር ክሮቹ ሳይታፈኑ ሲመቱ የሚሰጠው እነዚህኑ ድምፆች ነው። ጊታሩ የለወጠው አሰላለፉን ብቻ ነው።

ትዝታ ፋን አይነካም። ጊታሪስቶችም ሜጀር አስራ ሦስት ሲይዙ አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል፤ ከሚ የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ነውና አብረው ሲመቱ ይጋጫሉ። ባቲ ሜጀር ግን ሁለቱንም ይዟል። ዜማ ውስጥ ተራ በተራ ስለሚመጡ እዚያ ያምራሉ።

በ1943 እ.ኤ.አ. በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ኢትዮ-ጃዝን ሲመሠርት የገጠመው ሥራ ይኸው ነበር፤ የአምስት ድምፅ ዜማን ባሕርዩን ሳያጠፉ በአሥራ ሁለት ድምፅ ሃርመኒ መክበብ። አንደኛው መንገድ ለእኔ ከሁሉ ይጥመኛል። ትዝታው ከሶል ይጀምር፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ቤዙ ከሥር ዶን ይምታ። ያለ ፋ ሙሉው ሜጀር አስራ ሦስት ተሰማ።

ቤዙ ዶን ከያዘ ጊታሪስቱ ሥሩን አይደግምም። ሦስተኛው ክር አራተኛ ፍሬት፣ ሁለተኛውና አንደኛው አምስተኛ ፍሬት፤ ሲ፣ ሚ፣ ላ። አራተኛው ክር ባዶውን ሲመታ ሬ ይሰጣል።